ወለተጊዮርጊስና የተጨማደደው ፓራውልት

ሞላሌ ላይ መኪና ቀለም የምትረጭ ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ጎረቤቴ ወለተጊዮርጊስ!

አንድ ሰኞ ማዕረግ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር የፊት ፓራውልቱን፣ ያንን የፕላስቲክ የግጭት መከላከያ፣ ሊያስቀባ መጣ። ጠርጋ ረጨችለት። ቀለሙ ግን ዓይናችን እያየ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ።

«ሴት ቀለም ትችላለች ያላችሁ፣ ኑ እዩ!» ብሎ ማዕረግ መንገደኛውን ጠራ። «በይ ላዩ ላይ ደርቢበትና ልሂድ።»

«አልደርብም! ብደርብበት ነገ መልሶ ይነሳል።» የተጨማደደውን በጥፍሯ ልጣ ፕላስቲኩን ዳበሰችው፤ አንሸራተታት። «አንተ፣ ምን ስትቀባው ኖረሃል?»

ማዕረግ ድምፁን ቀነሰ። «ጭቃ እንዳይዘው ብዬ... የበግ ላት።»

መንገደኛው በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም።

«ሳልጠይቅህ መርጨቴ የኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። አሁን ግን እስከ ፕላስቲኩ ፍቄ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ በስሱ እየረጨሁ በየመሃሉ አደርቀዋለሁ። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

«እስከዚያ ያለ ፓራውልት ልንዳ?»

«ንዳ! የት ሄደ ላለህ ሁሉ ወለተጊዮርጊስ ጋ ነው በል!» ብላ ፓራውልቱን ፈትታ ይዛው ገባች።

ሐሙስ ሲገጠም ፊቴን አየሁበት፤ ማዕረግም ጎንበስ ብሎ ጸጉሩን አበጠረበት። ከዚያ ወዲህ የሞላሌ ሾፌሮች ቀለም ሊያስቀቡ ሲመጡ፣ መጀመሪያ ላታቸውን ይናዘዙላታል።