ከመጀመሪያዋ መስመር በላይ

ሰሊማ ኢብራሂም ያለ ቢስሚላህ የጫማዋን ክር እንኳ አታስርም። ጣና ዳር ጀልባ ከሚሠራ ቤት ወጥታ ባሕር ዳር ላይ ድረ ገጽ ሠሪ ስትሆንም ልማዷን አልጣለችም። መሥሪያ ቤቱ የሰጣት የሙከራ ጊዜ እያለቀ ነው። አለቃዋ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቁርጡን ነግረዋታል፦ «የጀልባ ማኅበሩን ገጽ ነገ አራት ሰዓት ላይ አየዋለሁ። ካማረ ትቀጥያለሽ። ካላማረ ግን አልዋሽሽም፣ እንለያያለን።»

ገጹ አልቆ ነበር፤ አምሮም ነበር። ማታ ልትወጣ ስትል ታዲያ «ይቅናኝ» ብላ ከኮዱ ሁሉ በላይ ቢስሚላህ ጻፈችበትና መልሳ ሳታየው ሄደች።

ጠዋት ስትከፍተው ጉድ ፈላ! የጀልባዎቹ መነሻ ሰዓት ያለበት ሠንጠረዥ ፊደሉ ያለ ልክ ገዝፏል፣ ቀለሙም የለም። ብትነካካው፣ ብታገላብጠው ወይ ፍንክች። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እንባዋ መጣ።

የጎን ባልደረባዋ ባምላክ ጎንበስ ብሎ አየና «ከዶክታይፑ በላይ ምን ጻፍሽ?» አላት።

«ቢስሚላህ ነዋ!»

«በይ አውርጃት። ብራውዘሩ ገጹ የዛሬ መሆኑን የሚያውቀው ዶክታይፑን፣ ማለት የገጹን ዓይነት የምትናገረውን መስመር፣ ከሁሉ በፊት ሲያገኝ ነው። ሌላ ጽሑፍ ከቀደመው የድሮ ገጽ ነው ብሎ በድሮው ሕግ ያነበዋል።»

ማውረዱ ቀላል ነበር። እጇ ግን እንዴት ይታዘዛት! ስልኳን አንስታ አባቷ ዘንድ ደወለች።

«አባየ፣ ቢስሚላህን ብሰርዝ ይቀየሙኛል?»

አባ ኢብራሂም ሣቃቸው ከመጋዙ ድምፅ በላይ ተሰማ። «አንች ልጅ! በስንቱ ጀልባ እንጨት ላይ ቢስሚላህ ጽፌ አየሽ? እኔ በአፌ አልሁ፣ ከዚያ መዶሻዬን አነሣሁ። አምላክ በአፍሽ ያልሽውን የማይሰማ መሰለሽ?»

ሰሊማ እፎይ አለች። ድምፅ አውጥታ «ቢስሚላህ» አለችና መስመሯን ሰረዘች። ሠንጠረዡ እንደ ቀድሞው ሆነ።

አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አሉት። «ደግ ነው» አሉ። «ሰኞ አዲስ ሥራ አለሽ።»

ሰኞ ባዶ ፋይል ከፈተች። ጣቷ ገና ሳይወርድ ባምላክ ዞሮ «ብለሻል?» አላት።

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ዶክታይፕሽን ጻፊ።»