ጮክ ተብሎ የሚጠራ ልክ

ካዛንቺስ ጋሽ መርዕድ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መቀስ አልነካሁም። ባለቤቱ ጋሽ መርዕድ ሜትሩን አንገቴ ላይ ጣል አደረጉና፣ «ሙሉ፣ እኔን ለኪኝ። የለካሽውን ጮክ ብለሽ ጥሪ፤ እኔ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ» አሉኝ። ሆዳቸው ላይ ስደርስ አፍሬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አልሰማሁም!» አሉ። «ሆዴን እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺን ምን አሳፈረሽ?»

የቤቱ ሕግ ይኼ ነበር። የለካው ይጠራል፣ የሚጽፈው ይደግማል፣ ደንበኛው ይሰማል። ስንቱን ባለሥልጣን ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ሲደብቅ ይዤዋለሁ!

እንደዚያ ሃያ ዓመት ሠራሁ። ሰፈሩ ሲፈርስ ማሽኖቻችንን ጭነን ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ገባን። እኔ ቆራጭ ሆንኩ፤ ጋሽ መርዕድ ግን ደብተሩን ለማንም አልለቀቁም።

ቤተልሔም የመጣችው እዚያ ነው። ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ የምትሠራ፣ አፏ ፈጣን ልጅ ናት። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እግሯ አጥሯል፤ በክራንች ነው የምትሄደው። ጨርቋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ «እትዬ ሙሉ፣ ለቀለበቴ የምለብሰው ቀሚስ ነው። ማለቴ፣ በቃ ጉልበቴ ላይ እንዲቀር ነው የምፈልገው። በአሥራ አምስት ቀን ይደርስልኛል?» አለችኝ።

«ምን ገዶኝ!» አልኳት።

ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳደርግ ግን አዘንኩላት። ምስኪን፣ አልኩ በሆዴ። ዓይኔን ከእግሯ ላይ አሸሸሁ። በቀኝ በኩል ብቻ ለካሁ። ልኩንም ጋሽ መርዕድ ጆሮ ሥር ሄጄ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሳይደግሙ ጻፉ።

ስቆርጥ ደግሞ ባሰብኝ። ጉልበቷ ላይ ቢቀር ሰው ያያታል ብዬ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አወረድኩት። ማንም ሳያዘኝ! እንዲያውም ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ልትሞክረው ስትመጣ መስታወት ፊት ቆመች። ቀሚሱ በግራ በኩል ወለሉን ይጠርጋል፣ በቀኝ ከፍ ብሏል። አንድ እርምጃ ስትራመድ ክራንቹ ጫፉን ረገጠው፤ ልትወድቅ ስትል ጠረጴዛውን ያዘች።

«እትዬ ሙሉ፣ ይኼን ማን አዘዘዎት?»

«የኔ እናት፣ እንዲሸፍንልሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ምኑን? እጮኛዬ አይቶታል። አማቶቼ አይተውታል። ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ አይቶታል። ያላዩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የለኩኝ እርስዎ!» የቀሚሱን ጫፍ በእጇ ሰበሰበች። «ቀለበቴ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ይኼን ለብሼ ልግባ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ልኩን ስትነግሪኝ ለቅሶ ቤት የገባሽ ነበር የምትመስዪው» አሉኝ ጋሽ መርዕድ። «እኔም ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። በይ፣ ሜትርሽን አንሺ።»

ተንበረከክሁ። እግሯን አየሁት፣ ሁለቱንም። ያን ቀን ምን እንዳስጨነቀኝ ያኔ ገባኝ፤ «በኔ ቢደርስስ» የሚል ፍርሃት ነበር። ያዘንኩላት መስሎኝ ፈርቻታለሁ፤ ረጅሙን ቀሚስም የሰፋሁት ለራሴ ዓይን ነው። አፈርኩ።

ዳሌዋ ወደ ግራ ያዘነብላል። እንዲህ ሲሆን ጫፉ ከወለል ወደ ላይ ነው የሚለካው፤ ይኼን ድሮም አውቀው ነበር። ዙሪያውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ ተነሳሁ።

«ከወገብ እስከ ጫፍ፣ ቀኝ ሃምሳ ስምንት!» ብዬ ጠራሁ።

«ሃምሳ ስምንት!» አሉ ጋሽ መርዕድ።

«ግራ ሃምሳ ሦስት!»

«ሃምሳ ሦስት!»

ቤተልሔም እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና፣ «አሁን ገና ለኩኝ» አለች።

ዓርብ መጥታ ለበሰችው። መስታወቱ ፊት ዞረች፤ ጫፉ ዙሪያውን ጉልበቷ ላይ እኩል ቆመ። አላወለቀችውም፣ እንደለበሰችው ወጣች።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ በመጀመሪያው ቀን ሜትሩን ሰጥቼ የምነግራት ይኼን ነው፤ የምትለኪውን ሰው እዪው፣ ልኩን ጮክ ብለሽ ጥሪ፣ የታዘዝሽውን ቁረጪ።