ለእጄ የተያዘ በዓል

ደባርቅ ገብቼ ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ፣ ሳላስበው ቀኝ ክንዴን እይዛለሁ። ያን ድንጋይ ከጠረብነው ወጣቶች አንዱ ነኝ። ያኔ ቀን በመዶሻው ምት ግጥም እገጥም ነበር፤ ማታ እጽፈዋለሁ። የሚከፈለን በጠረብነው ልክ ስለነበር እናቴ «ዛሬኮ ሚካኤል ነው!» ስትል እኔ ከደጅ ወጥቻለሁ።

አንድ ምሽት ገና አንድ ስንኝ ሳልጨርስ ክንዴ ከክርኔ ጀምሮ እንደ እሳት ለበለበኝ፤ እስክሪብቶው ከጣቶቼ ወደቀ።

«አንተ እየነገርከኝ እኔ ልጻፍልህ፤ ስሙን ግን የራሴን ነው የማደርገው» አለ በማግስቱ ስነግረው አብሮኝ የሚጠርበው ጓደኛዬ። እሱ ይሳቅ እንጂ እኔ ፈርቻለሁ። መዶሻው ቢቀር ሌላ ሥራ አላጣም፤ የምጽፍባት እጅ ግን ያቺው ነበረች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክንዴን እየዳበሰች አስረዳችኝ። አንድ እንቅስቃሴ ሲደጋገም የጡንቻ ክሮች በጥቂት በጥቂቱ ይበጠሳሉ። እብጠቱ ሰውነት የተጎዳውን ሲጠርግ የሚመጣ ነው፤ ከዚያ በክሮቹ ዳር ተኝተው የነበሩ ሕዋሳት ነቅተው ይባዛሉ፣ የተበጠሰውን ይጠግናሉ።

«ካላሳረፍከው ጠባሳ ይበዛበታል። ሕመሙ ሲበርድ ደግሞ ቀስ እያልክ አሠራው፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሰልላል።»

ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

«ታዲያ ምኑ ይከብዳል? እጅህ በዓል ያክብር» አለች። «መጀመሪያ እንደ ፋሲካ ነው፣ ምንም አይነካም። ቀጥሎ እንደ ትንንሾቹ በዓላት፤ እንጨት አይፈለጥም፣ ባቄላ መፈልፈል ግን ይቻላል።»

ክንዴን በነጠላዋ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው። ጎረቤት «ምን ሆኖ ነው?» ሲል «በዓል ላይ ነው» ትላለች። ሕመሙ ሲበርድልኝ እሸት ባቄላ በሰፌድ አቀረበችልኝ። እየፈለፈልኩ የያዝኳቸውን ስንኞች በቃሌ እልላታለሁ።

«ይሄኛው ያነክሳል» ትላለች ሳትራራ። ያነክስ ነበር።

ባቄላው ሳያልቅ መስከረም አለቀ። አንድ ከሰዓት እስክሪብቶ ይዤ ጥቂት ስንኝ ጻፍኩ። ጓደኛዬ መጥቶ ወረቀቱን አየና «ይሄማ የሐኪም ጽሑፍ ነው!» አለ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ምን ይላል?» አለች። አነበብኩላት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «በል ይብቃህ፣ ዛሬ መጀመሪያህ ነው» ብላ እስክሪብቶውን ልትወስድብኝ እጇን ዘረጋች። ያን ያህል አጥብቄ መያዜን ያወቅኩት ስትስበው ነው።