አጎቴ ስማችንን ሳይጠሩ

አጎቴ እያንዳንዳችንን በስማችን ሳይጠሩ፣ እኛም «አቤት» ሳንል፣ ራብ ቢሞረሙረንም እንጀራ አይቆርሱም ነበር።

በጣሊያን ጊዜ አጎቴን ዘመድ ሁሉ ቅኔ እንዲማሩ ደብረ ታቦር፣ ስመ ጥሩው ጉባኤ ቤት ሰደዳቸው። ሰነባበቱ፤ ስማቸውን እንኳ የጠየቃቸው የለም። ትተውት ጉና ሥር ጥቂት ተማሪ ወዳላቸው ሽማግሌ መምህር ሄዱ።

አንድ ቀን የጣሊያን አውሮፕላን መጣ። ተማሪው ዋሻ ሲገባ መምህሩ ሜዳ ላይ ቆመው በየስሙ ይጣሩ ጀመር። አጎቴ ቁራሽ ለምነው ሲመለሱ ገብስ ማሳ ውስጥ ተደፍተው ነበር። ከሩቅ «አቤት!» እስኪሉ ድረስ ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም።

«አውሮፕላኑ ከራሳቸው በላይ፣ እሳቸው ግን እኔን!» ይሉን ነበር።

ትናንት ከቀብራቸው ስንመለስ ጎረቤት እዝን ይዞ መጣ። እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። ሁላችንም ስማችንን ስንጠብቅ እንጀራው ደረቀ።