ለሶስና ፓድ ልክ ስንወስድ

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን የምታይልኝ ወጣት ሐኪም፣ እግሬን አጠፍ ዘርጋ ስታደርግ ከቆየች በኋላ፣ "በወጣትነትዎ ስፖርት ይሠሩ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱታውን የጨመርኩት ራሴ ነኝ።

"በረኛ ነበርኩ" አልኳት።

"የእግር ኳስ?"

"የለም፣ የበረዶ ሆኪ።"

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። "ስንት ዓመት ተጫወቱ?"

"አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ።"

ቀልድ መሰላትና ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ጥቂት የዋሸሁት "ወጣትነት" በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ሥዕል የማይ መስዬ የማርፍ ሰው ሆኛለሁና፣ ስልሳ ስምንት ወጣትነት ካልተባለ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2021፣ ኮሎምበስ ከተማ ሂልቶፕ የሚባለው ሰፈራችን በቢጫ ቅጠል በተሸፈነበት ወቅት ነው። ልጄ ራሔል ነርስ ስለሆነች፣ ከወረርሽኙ የምታድነው የመጀመሪያው ሰው እኔ እንድሆን ወስናለች። ሱቅ አትሂድ፣ ሰው አትጨብጥ፣ ቤተ ክርስቲያንም በዙም ተካፈል ተብያለሁ። ማስኬን ጆሮዬ ላይ አንጠልጥዬ ሶፋ ላይ እውላለሁ። አንድ ሰው እንደ ሸክላ ዕቃ በጥንቃቄ ሲያዝ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ቆይቶ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ መሆኑ ይገባዋል።

የልጅ ልጄ ሶስና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ፣ እኔም እንደገባኝ ሆኜ ራሴን የምነቀንቅላት ልጅ ናት። የልጃገረዶች ሆኪ ቡድን በረኛ ነበረች። እስከዚያ ዓመት ድረስ ዕቃውን የሚያውሳት ቡድኑ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን እያንዳንዷ የራሷን ይዛ ትምጣ ተባለ። እኛም ጨዋታ ያቆመ አንድ ሰው ጋራዡ ደጃፍ ላይ ዕቃውን ለሽያጭ እንዳወጣ ሰምተን፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሄድን። ሰውየው ቁም ሳጥን ያክላል። ፓዶቹም፣ እግር ላይ የሚታሰሩት መከላከያዎች ማለቴ ነው፣ እንደ ባለቤታቸው ናቸው።

"ትንሽ አልሰፋም?" አለች ራሔል።

"ታድግበታለች" አልኩ።

"ልክ ነው፣ ታድግበታለች" አለች እሷም።

"I'm done growing, አባባ" አለች ሶስና።

"እሱን እግዚአብሔር ያውቃል" ብያት ዕቃውን መኪና ላይ ጫንኩት።

እኔ በሕይወቴ ልኬ የሆነ ጫማ ያደረግኩት ከጎልማሳነቴ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር የተገዛልኝ ለወደፊቱ ሰውዬ ነበር። ራሔልንም ያሳደግኳት እንደዚያው እጅጌዋን ጠቅልዬ ነው። የሚያድግ ልጅ ሳይ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ትልቁ ቁጥር ይሄዳል፤ የማያድግም ሳይ ይሄዳል።

የበረኛ ፓድ ግን እጅጌው አይጠቀለልም። ለማታውቁት ላስረዳ። የሆኪ በረኛ ኳስ ሲመጣባት፣ ኳስ ስል ፓክ የሚሉትን ያቺን ጥቁር ድፍን ጎማ ማለቴ ነው፣ በሁለት ጉልበቷ ዱብ ብላ ቅልጥሞቿን ግራና ቀኝ ትዘረጋለች። ያኔ ከቁርጭምጭሚት እስከ ታፋ የታሰሩት ወፋፍራም ፓዶች ዞረው በረዶው ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማሉ። ይህ የሚሆነው ጉልበቷ ፓዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ትራስ ላይ ሲያርፍ ነው። የሶስና ጉልበት ግን ትራሷን አያገኛትም፤ ትራሷ ታፋዋ ጋ ናት። ስለዚህ ፓዶቹ አይዞሩም። በሁለቱ እግሮቿ መሃል ድመት ከነግልገሎቿ የምታልፍበት በር ይከፈታል።

ማክሰኞ ዕለት አሠልጣኟ ኮች ጄን ልምምድ አስቁማ፣ "በዚህ ዕቃ ጉልበትሽን ትጎጃለሽ፤ ለቅዳሜው የተጫዋቾች ምርጫ ልክሽ ካልሆነ ጎል ላይ ላቆምሽ አልችልም" አለቻት። ሌላ በረኛ መጥታለች። ለሶስና ደግሞ የትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ካመለጣት ሌላ ቅዳሜ የለም። አዲስ እንዳናዝዝላት፣ የዓለም ዕቃ ሁሉ መርከብ ላይ ቀረ የተባለበት ጊዜ ነበር።

ሶስና አላለቀሰችም። ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ራሔል ሥራ እንደሄደች ስልኬን አንስቼ እትዬ ብዙነሽ ጋ ደወልኩ። እትዬ ብዙነሽ የኳየሩን ልብስ የምትሰፋ የቤተ ክርስቲያናችን እኅት ናት። ብዙ ዘመን ሶፋ የሚያለብስ ድርጅት ውስጥ ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ ቆዳ እንደ ወረቀት የሚበሳ የስፌት መኪና ገዝታ ጋራዧ ውስጥ ተክላለች። ምላሷም ከመኪናው አይተናነስም።

"እትዬ ብዙነሽ፣ የሚጠብ ነገር ነበረኝ።"

"ሱሪዎትን ነው? በዙም ሳይዎት ከስተዋል።"

"የሶስናን የሆኪ ዕቃ ነው።"

"ይዘውት ይምጡ፣ ልየው።"

ሁለቱን ፓድ በግራና በቀኝ ብብቴ አድርጌ ብሮድ ስትሪት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሹፌሯ ፍራሽ ይዤ የምሰደድ መስሏት መሰለኝ፣ በሐዘኔታ አየችኝ። ከስንት ወር በኋላ ብቻዬን ከቤት መውጣቴ ነበርና በመስኮቱ የማየው ሁሉ፣ የጎማ ጥገናው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ዱባ የደረደሩት በረንዳዎች፣ ሁሉም አዲስ ሆነብኝ። ልቤ ከትምህርት ቤት እንደፎረፈ ተማሪ ይመታ ነበር።

እትዬ ብዙነሽ ጋራዟን ከፍታ ጠበቀችኝ። ፓዶቹን ሳስቀምጥ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ነገር ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?"

"ላብ ነው እንጂ አልሞተም።"

"እንቅበረው ብዬ ነበር።"

የዚያን ቀን ጠዋት ኮምጣጤ በውሃ በጥብጠን ውስጡን ስንፈትግ አረፈድን። ቆዳውን እንዳይደርቅ በጥላ፣ የውስጡን ጨርቅ ግን ወደ ፀሐይ ገልብጠን አሰጣነው። ምሳ ቋንጣ ፍርፍር አቀረበችልኝ፤ እጄ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ በላሁት፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ልክ መውሰድ መጣ። ሶስና ትምህርት ቤት ናት። እትዬ ብዙነሽ ከላይ እስከ ታች መተረችኝ።

"ከሶስና ጋር ቁመታችሁ እኩል አይደለም እንዴ?"

እውነቷን ነው። ልጅቷ ወደ ላይ ስትሄድ፣ እኔ ወደ ታች ስመጣ፣ በዚያ ዓመት መሃል መንገድ ላይ ተገናኝተን ነበር። ሶስናን በቴክስት ጠይቀን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚቷ ብናስለካት፣ ከእኔው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። እንደ ሱቅ አሻንጉሊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እትዬ ብዙነሽ የጉልበቱን ትራስ በወስፌ ፈትታ፣ ወደ ታች አውርዳ፣ በሰም በታሸ ክር መልሳ ሰፋችው። የባቱንም ማሰሪያ ከነዘለበቱ ዝቅ አደረገችው። ተንበርከኩ ስትለኝ ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ትራሷ ላይ ቁጭ አለ። ተነሱ ስትለኝ ግን ጊዜ ስጪኝ አልኳት።

ያን ዕለት ማታ በደስታ አልጋዬ ላይ ተገላበጥኩ። ሐሙስ ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፓዱን በስኬት ጫማዋ ላይ አሠረችው። ተንበረከከች። ጉልበቷ ከትራሷ በላይ ሆነ። ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

"አባባ, what were you wearing?"

እግሬን አየሁ። ነጠላ ጫማ።

ስኬት ከሥሩ ብረት አለውና ሰውን ከፍ ያደርጋል። እኛ የለካነው ሶፋ ላይ ለምትቀመጥ በረኛ ነበር። ለእትዬ ብዙነሽ ደውዬ ብነግራት፣ "ነገ ስኬት ተጫምተው ይምጡ፤ ከእንግዲህ ወዲያ በነጠላ ጫማ አልሰፋም" አለች።

ዓርብ ትምህርት ቤት የሚለቀቀው በግማሽ ቀን ነበርና ሶስናም መጣች። እትዬ ብዙነሽ ትራሷን እንደገና ፈትታ ከፍ አደረገቻት፤ አሁን የለካችው የሶስናን እግር ከነስኬቱ ነው። ጉልበቷ በትክክል አረፈ። ሶስና ግን ግንባሯን አልፈታችም።

"ውስጡ ሆኜ ቀዳዳው አይታየኝም" አለችኝ በገዛ አማርኛዋ። "አንተ ግባ። I'll shoot."

ራሔል እዚያ ብትኖር ይህ ትዝታ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የሶስናን ስኬት ተጫማሁ፤ እግሯ ከእኔ ስለሚበልጥ ሁለት ካልሲ ደረብኩ። ብረቱን በጎማ መከላከያ ሸፈኑልኝ። የደረቱን፣ የክንዱን፣ ሽቦ ያለውን ሄልሜት አለበሱኝ። ጋራዡ ፊት ባለው የመኪና መግቢያ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ከኋላዬ ሁለት የቆሻሻ በርሜሎች ጎል ሆነው ቆሙ። ሶስና በሆኪ ዱላዋ የቴኒስ ኳስ መታች። ዱብ አልኩ። ኳሷ በቀኝ ጉልበቴ ሥር ሾልካ በርሜሎቹን አለፈች። ሁለተኛዋም በዚያው።

"ቀኙ ፓድ አይዞርም" አለች ሶስና፤ መሬት ላይ ተኝታ እያየች ነው። "ጣቱ ጋ ታንቋል።"

የጫማውን ጫፍ ከፓዱ ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ደርቆ አጥሯል። እትዬ ብዙነሽ ቆርጣ ጣለችውና ድንኳን የሚወጠርበትን የሚለጠጥ ገመድ ቆርጣ ተካችበት። ይህን ለመሥራት በጀርባዬ አስተኝታኝ ነበር። ልክ እንዳሠረችልኝ መኪና ቆመ። ፓስተራችን ብርቱካን ይዘው እሷን ሊጠይቁ መጥተዋል።

"ጋሽ ታደሰ? ምን ሆኑ?"

"ማስክ አድርጌያለሁ፣ ፓስተር፤ አይስጉ" አልኩ በሽቦው ውስጥ።

"ማንን ነው የሚጠብቁት?"

"እርጅናን ነው" አለች እትዬ ብዙነሽ። "አይንኳቸው፣ ክሬን ይበጥሱብኛል።"

ሁለቱ ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። ሶስና አሁን ጠጋ ብላ፣ አንጀቷን አስራ መታችው። አላሰብኩም፤ ወረድኩ። ሁለቱ ፓዶች እንደ መጽሐፍ ተገለጡና መሃል ላይ ተጋጠሙ፤ ኳሷ ጧ ብላ ተመልሳ ፓስተሩ ጫማ ሥር ሄደች።

"It closed" አለች ሶስና በሹክሹክታ። "አባባ, it closed."

እንድትደግም ለመንኳት። ደገመች። እሱንም መለስኩት። ፓስተሩ ኮታቸውን አውልቀው "እስቲ እኔም አንዴ" አሉ፤ የእሳቸው ኳስ ጎረቤት ጣራ ላይ ወጣች። እኔ በዚያ ሁሉ ቆዳና ስፖንጅ ውስጥ ላቤ እየወረደ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ ሌላ፣ ሌላ እያልኩ ነበር። ራሔል ለምን እንደማነክስ ማታ ስትጠይቀኝ፣ በጸሎት ብዙ ተንበረከክሁ አልኳት። ፓስተሩ ምስክሬ ናቸው።

ቅዳሜ በረዶው ሜዳ አግዳሚ ላይ ከእትዬ ብዙነሽ ጋር በጋቢ ተጠቅልለን ተቀመጥን። ሌላዋ በረኛ መጀመሪያ ገባች፤ ጎበዝ ናት፤ ዕቃዋ ነጭ በነጭ ሆኖ ያበራል። ከዚያ የእኛዋ። የመጀመሪያው ምት በትከሻዋ በኩል ገባ። እትዬ ብዙነሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሁለተኛዋ አጥቂ እየከነፈች መጥታ፣ የሶስናን እግሮች መሃል አይታ ዝቅ አድርጋ መታች።

"ተንበርከኪ" አለች እትዬ ብዙነሽ በጸሎት መሪ ድምፅ፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን።

ሶስና ወረደች። ያን ድምፅ እንዴት ልጻፈው፤ ወፍራም ምንጣፍ በዱላ ሲመታ ዓይነት ነው። ፓኩ እግሯ ሥር ሞቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ በዝቅታ የመጣ አንድም አላለፈም። ከላይ ሌላ አንድ ገባባት፤ ግድ አልሰጣትም፤ ጎኗ ላይ ስትንሸራተት፣ ስትነሳ፣ ስትወድቅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያላየሁትን ልጅ አየሁ።

ሲያበቃ ኮች ጄን ወደ እሷ ተንሸራትታ መጣች። ጎንበስ ብላ የፓዱን ስፌት በጣቷ ዳሰሰችው፣ የሚለጠጠውን ገመድ ሳበችው። የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ሶስና በዱላዋ ወደ እኛ ጠቆመች። አሠልጣኟ አየችን፤ ጋቢያችንን አየች፤ ከዚያ ለሶስና አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግራ ሄደች። ሶስና ሄልሜቷን አውልቃ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ሆና በአፏ ቅርጽ ነገረችን፤ "ሰኞ ልምምድ አለኝ።"

ዛሬ ሶስና ኮሌጅ ናት፤ ማሰሪያዋን ራሷ ታስተካክላለች፤ ከእኔ ይልቅ ለእትዬ ብዙነሽ ትደውላለች፤ ምክንያቱም እኔ አሁንም ስልክ ላይ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጉልበቴን ብዙ ጊዜ አመመኝ፤ አንድም ቀን አላማረርኩበትም። ያ ዓመት የብዙ ሰው ሐዘን የነበረበት ዓመት ነው፤ እኔን የሚወዱኝም ክፉ እንዳያገኘኝ ሌት ተቀን ይጠብቁኝ ነበር፤ ውለታቸውን አልረሳም። ጎል ላይ ቁምና አንተ ጠብቅ ያለችኝ ግን ሶስና ብቻ ናት።