የአምስተኛው ፎቅ ጎረቤታሞች

ልብስ ሰፊዋ በስደት ወደዚያ ሰፈር ስትገባ ከአገሯ ሰው ይልቅ ቀድማ የተዋወቀችው ከጎኗ የምትኖረውን የሌላ አገር ሴት ነበር። ሴትዮዋ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ሁለቱም የአገሩን ቋንቋ እየሰባበሩ ያወራሉ፤ የጎደለውን በእጃቸው ይሞሉታል። ሰፊዋን ምጥ ሲይዛት ደግፋ ሆስፒታል ያደረሰቻት፣ ስትወልድም ያረሰቻት አጣቢዋ ናት። ልጆቻቸው ኮሪደሩ ላይ አብረው አደጉ። የማን ልጅ የት አደረ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

አንድ እሁድ ኳስ ሜዳ ላይ የሁለቱ አገር ወጣቶች ተደባደቡ። ከሰፊዋ ወገን የአንዱ ጥርስ ረገፈ። የአገሯ ሰዎች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚለው ሥጋ ነጋዴ፣ አባላቱን ሰብስቦ፣ "ከእንግዲህ ከእነዚያ ጋር ሰላምታ የለም!" አለ። ወደ ሰፊዋም ዞር ብሎ፣ "አንቺንም ይመለከታል። ነገ ሬሳሽን የምናነሳው እኛ ነን" አላት።

ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እንደዚህ ያስፈራት ነገር የለም። በሰው አገር ያለ ቀባሪ መቅረት!

በማግስቱ አጣቢዋ አንኳኳች። ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ የልጇን አፍ በመዳፏ አፍና፣ ትንፋሿን ዋጠች።

"አመመሽ እንዴ? ኧረ ክፈችልኝ!"

ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰችና ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ አዲስ ሱቅ ከፈተ። ሸሪኩ ከእነዚያው ሰዎች አንዱ ነበር። ምርቃቱ ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲሳሳቁ ስታይ ሰፊዋ ወደ ጋሼ ተጠጋች።

"ጋሼ፣ ሰላምታ የለም ብለውን አልነበር?"

"እሱማ ታረቅን እኮ! ቆየ።"

"ታዲያ ለእኔ ማን ነገረኝ?"

"ምኑ ይነገርሻል? ንግድ ነው፣ ልጄ" ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

በቀጥታ ሄዳ የአጣቢዋን በር አንኳኳች። አጣቢዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግቢ አላለቻትም።

"ይቅር በይኝ፣ ፈርቼ ነው።"

"ውስጥ እንደነበርሽ አውቃለሁ" አለች አጣቢዋ። "የልጁን አፍ ስታፍኚው ይሰማኝ ነበር። እኔ ምን አደረግኩሽ?"

ለሰፊዋ ብትሰድባት፣ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ዛሬም ደረጃው ላይ ሲገናኙ አጣቢዋ ጥግ ይዛ መንገድ ትለቅላታለች፤ ልክ ለማታውቀው ሰው እንደሚደረገው።