ለፊልም መልስ የሚሰጠው ሸማኔ

በሕንድ አገር ቡርሃንፑር ከተማ ያለው ሲኒማ መህታብ የሠርግ አዳራሽ ከመሆኑ በፊት፣ ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ በዘጠኝ ሰዓቱ ትርዒት ፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ፈኽሩዲን የሚባል ሸማኔ ነበር። ትልቁም ትንሹም ፈኽሩ ቻቻ ይለዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ፈኽሩ ፊልም አያይም፤ ከፊልም ጋር ይነጋገራል።

ጀግናው ጡንቻውን ወጥሮ «እናቴን ማን ነው ያስለቀሳት?» ብሎ ሲያጓራ፣ ፈኽሩ ከታች ሆኖ «ይህን ፊልም የጻፈው ሰውዬ!» ይለዋል። አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ልጅቷ ዝናብ ውስጥ እየተሽከረከረች ስትዘፍን «ልጄ፣ ጉንፋን ሲይዝሽ ሐኪም ቤት የሚወስድሽ እሱ መሰለሽ?» ይላታል። ወንበዴው ሽጉጡን አውጥቶ ንግግር ሲጀምር ደግሞ ከልቡ ያዝንለታል። «አይ ወንድሜ! ተኩሰህ አትገላገልም? ወሬ ከጀመርክማ አለቀልህ።» ወንበዴውም እውነትም ያልቅለታል።

በሥራ ቀን ግን የፈኽሩን ድምፅ የሰማ ሰው የለም። የሽመና ማሽኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንቋቁ መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እዚያ ውስጥ ሸማኔ ከሸማኔ የሚግባባው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው፤ ድምፅ ማውጣት ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ፈኽሩ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ቃል ዓርብ ዕለት ሲኒማ መህታብ ላይ ይዘረግፈዋል። ይህ ሰው ያለዚያ ወንበር ማን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ጆሮው ግን ከድቶታል። መጀመሪያ የጠፋው የሚፈላው ሻይ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የመስጊዱ ጥሪ እንደ ሩቅ ንብ ሆነበት። በመጨረሻ ሲኒማ መህታብ ውስጥ ጀግናው አፉን ሲከፍት የሚሰማው ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ሩቂያ ብቻ ናት። ለሌላ ለማንም አልነገረም። ለማይሰማው ፊልም መልስ የሚሰጥ ሰው መሆኑ ቢታወቅ፣ ሰው ከእሱ ጋር መሳቁን ትቶ በእሱ ላይ መሳቅ ይጀምራል ብሎ ፈራ።

እስካሁን ያልተነቃበት በእሱ ብልሃት አይደለም። ፊልሞቹ ናቸው ያዳኑት። የዚያ ዘመን ፊልም ሁሉ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ነበር። እናት የልብስ ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ካለች በኋላ መሳል አለባት፤ ከሳለች መሞት አለባት፤ ከመሞቷ በፊት ደግሞ «ልጄ፣ አባትህ በሕይወት አለ» ማለት አለባት። ይህን ለማወቅ ጆሮ ምን ያደርጋል?

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፈኽሩ ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ በዚያው አዳራሽ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው። ለዕረፍት መብራት ሲበራ የተጠበሰ ሽምብራውን እንደጨበጠ ይረሳውና «አሁን ምን ይሆናል?» እያለ ይብሰከሰካል። ከትርዒቱ በኋላ ጓደኞቹ ወደ ቤት ሲገቡ እሱ ወደ ታፕቲ ወንዝ ወርዶ ደረጃው ላይ ይቀመጥና፣ ያቺ ልጅ በባቡሩ ሄደች ወይስ ወረደች እያለ ሲያስብ ይመሻል። ያኔ ለፊልሙ መልስ መስጠት ማለት በጸሎት መሃል እንደ ማውራት ነበር። መልስ መስጠት የጀመረው ኋላ ነው፤ ፊልሞቹ እሱን መጠየቅ ሲያቆሙ።

አንድ ቀን የሲኒማው ባለቤት ጎርዳንዳስ ድምፅ ማጉያ የጫነ ጋሪ በከተማው አዞረ። ጋሪው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ቤት ያህላል። «ዓይን ያላየው፣ ጆሮ ያልሰማው ታሪክ! እንዲህ ያለ ፊልም በሕንድ ምድር ተሠርቶ አያውቅም!» ፈኽሩ ጽሑፉን አነበበ፤ ማታ እራቱን ገፋ አደረገው።

«የመህጀቢን አባት፣ ምነው እራት አስጠላዎት?» አለች ሩቂያ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም እየጠራችው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ።

«አዲስ ታሪክ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ እሰየው! ስንት ዓመት አዲስ አጣን ብለው ሲያማርሩ አልነበር?»

«አዲስ ከሆነ ሴትዮ፣ በምን አውቀዋለሁ? ሲያለቅሱ እስቅ ይሆናል። ሲጋቡ ነፍስ ይማር እል ይሆናል።»

ሩቂያ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸሸገች። «እንግዲያው አሞኛል ይበሉና ይቅሩ።»

«አንድ ዓርብ ብቀር ሁለተኛው ይቀላል። ከዚያ እዚሁ ከአንቺ ጋር ግድግዳ ሳይ ልውል ነው።»

ዓርብ ዕለት ሄደ። ዕድሜ ልኩን ጎን ለጎን አብሮት የሸመነው መቅቡል እንደ ወትሮው ወንበር ይዞለታል። ከኋላ የአውራጃው ሰው ሁሉ የመጣ ይመስላል። መብራት ጠፋ። ፈኽሩ እጁን ጉልበቱ መሃል ከትቶ ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጠ።

በመጀመሪያ ጎርፍ መጣ። ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች በሁለት ግንድ ላይ ተሳፍረው አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሄዱ። ከመለያየታቸው በፊት እናታቸው አንድ የብር ጌጥ ሰብራ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሹን አንገታቸው ላይ አሰረች።

ፈኽሩ ትንፋሹን ለቀቀው። ከደስታው ብዛት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ!» ብሎ ጮኸ። «አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ሌባ! ሂዱ እደጉ፣ እኛ ሽምብራችንን እየበላን እንጠብቃችኋለን!»

በሚቀጥለው ትዕይንት አንዱ ፖሊስ ሆኖ፣ አንዱ ቦርሳ ሰርቆ ሲሮጥ አዳራሹ በጭብጨባ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲያ ፈኽሩን የሚያቆመው ጠፋ። ባለጸጋው መነጽሩን ሲያወልቅ «ልጄን ለድሃ አልድርም ሊል ነው!» አለ፤ ባለጸጋውም አለ። እናትየዋ ከጎርፉ ወዲህ ዓይኗ ታውሯል፤ ዘንግ ይዛ ስትመጣ «እማማ፣ አይዞሽ፣ ሊያልቅ ሲል ይበራልሻል» ብሎ አጽናናት።

«ይህ ነው ጆሮ ያልሰማው?» አለ አንዱ ከኋላ። «የእኔ ፍየል እንኳ ሰምታዋለች!»

ዕረፍት ሆነ፤ ሻይ ጠጡ፤ ተመልሰው ገቡ። ፈኽሩ ቀጠለ። ዛሬ ሰው እንደዚህ ስቆለት አያውቅም። በእያንዳንዱ ቃሉ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ በጀርባው ይሰማዋል። ኋላ ግን አንድ ነገር ግራ አጋባው። ከጎንና ከኋላ ያለው ሰው ፊቱን ያዞረው ወደ ሸራው ሳይሆን ወደ እሱ ነው። ጎርዳንዳስ ደግሞ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጋጥሞ እየለመነው በመተላለፊያው ይመጣል።

ዝም በል የሚለኝ ነው ብሎ ፈኽሩ አፉን ዘጋ። ያኔ ሕዝቡ በእግሩ ወለሉን ይደልቅ ጀመር።

መቅቡል ጉልበቱን ያዘው። ማሽን ቤት እንደሚያደርገው ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ ነገረው። «ድምፁ ሞቷል። ከዕረፍት ጀምሮ። ቀጥል።»

ለፈኽሩ ያኔ ገባው። ከዕረፍት ጀምሮ ድምፅ ለሌለው ፊልም ሲመልስ መቆየቱ ነው። መቅቡል በከንፈሩ የነገረው ደግሞ እንደማይሰማ ስላወቀ ነው። ተነስቶ ሊወጣ ፈለገ፤ በሩ ግን ሩቅ ነበር፣ መንገዱም በሰው የተሞላ። ሸራው ላይ ዓይነ ስውሯ እናት በሁለቱ ልጆቿ መሃል ተንበርክካ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ያለ ድምፅ ሲያዩአት እውነትም የምታሳዝን ሴት ናት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ምን እንዳለች ሊያውቅ እሱን ይጠብቃል።

ፈኽሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁን አቅጥኖ፣ «ልጆቼ! አትተኳኮሱ!» አለ። «ያንን ያንገታችሁን ብረት አውጡና ግጠሙት እንጂ፣ እኔ ለምን የሰበርኩት ይመስላችኋል?»

ልጆቹ ጌጣቸውን አወጡ። ገጠመ። ሕዝቡ ፎከረ።

ከዚያ እስከ ፍጻሜው እናትም እሱ ነው፣ ፖሊስም እሱ፣ ሌባም እሱ። ለወንበዴው ረጅም ንግግር ሰጠው፤ ለልጅቷም ዘፈን አንጎራጎረላት፣ መቅቡልም የወንበር ጀርባ እየደለቀ አጀባት። አንድም ሰው ገንዘቤን መልሱ አላለም። መብራት ሲበራ ጎርዳንዳስ ትከሻው ላይ ተጠመጠመበት። «ጌታዬ! ጨዋታ ብለህ ነው የጀመርከው፣ ቤቴን ግን አተረፍከው!» ሌላውም ሰው ጨዋታ ነው ያለው።

ውጭ ሻይ ቤቱ አጠገብ ፈኽሩና መቅቡል ብቻቸውን ቆሙ።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምታውቀው?» አለ ፈኽሩ።

«ዛሬ ነው ያወቅኩት» አለ መቅቡል ከንፈሩን እያሳየው። «ድምፁ መጥፋቱንም ከኋላ ያሉት ተነስተው ሲጮሁ አይቼ ነው የገባኝ። እኔስ የምሰማ መሰለህ?»

«አንተም?»

«እኔ፣ ጠማማው ረዛቅ፣ ያ ሁሉ ፊት ረድፍ። ዕድሜያችንን ማሽን ሥር ፈጅተን ምን ጆሮ ይተርፈናል? ዓርብ በመጣ ቁጥር አንተ አጠገብ ለመቀመጥ የምንጋፋው ለምን ይመስልሃል? ጀግናው ምን እንዳለ አንሰማም። አንተ ስትመልስለት ግን ያለው ይገባናል።»

«እኔ እኮ የምትሰሙ መስሎኝ ነው የምሸሽጋችሁ» አለ ፈኽሩ።

«እኛም የምትሰማ መስሎን ነው የምናምንህ» አለ መቅቡል፤ ሁለቱም ሻያቸው እስኪደፋ ሳቁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የመቅቡል የእህት ልጅ ያንኑ ፊልም ካንድዋ ከተማ ከነድምፁ አይቶ መጣ። ፈኽሩ በረንዳው ላይ አስቀምጦ፣ ጃለቢ የሚባለውን ጣፋጭ አስገዝቶ፣ ዓርብ ዕለት የመለሰውን እየነገረ በሩቂያ አስተርጓሚነት መረመረው። እናትየዋ በመጨረሻ ምን አለች? ወንበዴውስ?

«እርስዎ ያሉትን ነው ቻቻ። ቃል በቃል። የእርስዎ ትንሽ አጠር ይላል እንጂ።»

«አንዲት ነገር እንኳ አልሳትኩም? እናትየዋ ዓይኗ በራ?»

«በራ።»

ልጁ ሄደ። ሩቂያ ጃለቢ ብታቀርብለት ፈኽሩ አልነካም።

«ምነው? ማሸነፍዎ ነው ያስከፋዎት?»

«አንድ ቦታ ብሳሳት ምን ነበረበት?» አለ። «ያቺ እናት ዓይኗ ባይበራ፣ ወይም ልጆቹን አላውቃችሁም ብትል... እዚህ ቁጭ ብዬ ለምን እንዲህ አለች እያልኩ አስብ ነበር።»

«ከሰለቸዎት እንግዲህ የሚመጣውን ዓርብ ይቅሩዋ።»

ፈኽሩ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «እንዴ! ምን ነካሽ? ፊት ረድፍ ያለው ሰው በምን ይስማ?»